አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ማወቅ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ዕድሜዋ 140 ዓመት ገደማ ነው። ከመውጫ በሮቿ በአንዱ ወጥቶ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት የተጓዘ ሰው ግን በአንደኛው አቅጣጫ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሕፃን መንጋጋ የተገኘበትን ወንዝ ዳር፣ በሌላው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳም፣ በሌላው ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስተክለውታል የሚባለውን ደን ያገኛል። ቁርሱን ቤቱ በልቶ ይወጣል፤ ራቱንም ቤቱ ይበላል።

ትምህርት ቤት ሳለን ታሪክ የተማርነው በአክሱም፣ በላሊበላ፣ በጎንደርና በሐረር ነው። ይገባቸዋልም። ነገር ግን ያ ትምህርት ታሪክ ለማየት የአውሮፕላን ቲኬት፣ የሆቴል ወጪና የሳምንት ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል እምነት ጥሎብን አልፏል። አዲስ አበባን የምናስባት እንደ ሥራና እንደ መንገድ መዘጋጋት ከተማ ብቻ ነው። ልጆች ትምህርት ሲዘጉ ወይም ዘመድ ከውጭ ለእረፍት ሲመጣ "የት እንሂድ?" ይባልና መልሱ ሁልጊዜ ቢሾፍቱ ነው። ቢሾፍቱን እወዳታለሁ፤ ሆራም ባቦጋያም የሚያምሩ ሐይቆች ናቸው። የሚቆጨኝ የሌሎቹ መንገዶች መረሳት ነው። ባለፉት ዓመታት ቅዳሜ ወይም እሑድ ነፃ በሆንኩ ቁጥር በእነዚህ መንገዶች ስወጣና ስመለስ አንድ ነገር አምኛለሁ፦ ይህችን ከተማ ከውስጧ ብቻ ያየ ሰው አላወቃትም። ለምን እዚህ ቦታ እንደቆመች፣ በምን እንደኖረች፣ ከእሷ በፊት እዚህ ማን እንደነበረ የሚናገረው ዙሪያዋ ነው።

ከምዕራቡ ልጀምር፤ የከተማዋ ዕጣ በአንድ ወቅት የተወሰነው በዚያ መንገድ ላይ ነውና። ምኒልክ አንኮበርን ትተው መጥተው የከተሙት እንጦጦ ላይ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በ1882 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ከፍታው ጠላትን ለማየት ይመቻል፤ ብርዱና ነፋሱ ግን ለኑሮ ከባድ ነው። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወርደው ቤት ማሠራታቸው የአዲስ አበባ መነሻ ሆነ። ከተማዋ ሰው እየሞላት ሲሄድ ችግር መጣ፤ ለቤት መሥሪያውም ለማገዶውም የሚቆረጠው ዛፍ ከዙሪያዋ አለቀ። በዚያ ዘመን እንጨት ሲጠፋ ከተማን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል አዲስ ነገር አልነበረም። ምኒልክም በ1890ዎቹ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ስፍራው አዲስ ዓለም ተባለ።

ዛሬ አዲስ ዓለም ኮረብታ ላይ የምታዩት ደብረ ጽዮን ማርያምን ነው። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቦታ የቤተ ክርስቲያን የሆነው መናገሻው ሳይዛወር ስለቀረ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ የውጭ አገር ዲፕሎማቲክ መሥሪያ ቤቶችና ባለ ሀብቶች መነሳቱን አልወደዱትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ለማገዶም ለማገርም ደረሰ፤ ከተማዋም ባለችበት ቀረች። እዚያ ግቢ ቆሜ ወደ ምሥራቅ ሳይ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ሐሳብ አለ። አንድ የባዕድ አገር ዛፍ በፍጥነት ባይበቅል ኖሮ እኔ የተወለድኩበት ሰፈር ዛሬ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ይህ ጸጥ ያለ ኮረብታ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶበት፣ ሚኒባስ ተሰልፎበት ነበር።

ከአዲስ ዓለም ሲመለሱ መናገሻ ሱባ ደን መግባት ይቻላል፤ በሆለታ በኩልም በሰበታ በኩልም መንገድ አለው። ደኑ የወጨጫን ተራራ ጎን ይዞ የሚወጣ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ ኮሶው አለ፤ ግንዱን ሁለት ሰው ተቃቅፎ የማይዘው ዛፍ አለ። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ነጩ ጭራቸው ከኋላ ይጎተታል። ዕድለኛ የሆነ ጠቆር ያለውን የምኒልክ ድኩላ ያያል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ተራራ ሁሉ አንድ ጊዜ ይህን ይመስል ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ ግን ማሰብ አለብን። የከተማዋ የመጀመሪያ ትውልድ ያነደደው ደን እንዲህ ያለ ነበር። ዛሬም ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ከራሳቸው የሚከብድ ሸክም አድርገው በወገባቸው ጎብጠው የሚወርዱ እናቶች አሉ። መናገሻንና አዲስ ዓለምን በአንድ ቀን ያየ ሰው እነዚያን እናቶች እንደ ድሮው ዓይቶ አያልፍም።

ደቡቡ መንገድ ሌላ ነው። በዓለም ገና ታጥፎ ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መስመር ላይ፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ሦስት ቦታ ይታያል፤ መልካ ቁንጥሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ። ርቀቱ እስከ ጢያ ዘጠና ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህ አጭር መንገድ ላይ የሚታለፈውን ዘመን ስፋት ግን አገሪቱ ውስጥ ሌላ የት እንደማገኘው እጠራጠራለሁ።

መልካ ቁንጥሬ አዋሽ ወንዝ ዳር ናት፤ ከከተማው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ የኔዘርላንድስ የውሃ ባለሙያ ወንዙ የሸረሸረው አፈር ውስጥ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎችን አየ። ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን የመሩት ቁፋሮ ለዓመታት ቀጠለ፤ በኋላም ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ተረከቡት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከአጠገቧ ካለችው ባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ይህ ዜና ሲሰማ ከተማችን ውስጥ ብዙ ሰው "የት ነው እሱ?" ሲል ሰምቻለሁ፤ አንድ ሰዓት በማይሞላ ወይም በጥቂት በሚያልፍ መንገድ ላይ ያለ ቦታ ነው።

ሙዚየሙ በሣር ክዳን ጎጆዎች የተሠራ ትንሽ ቦታ ነው። እዚያ ልጄን ይዤ ስሄድ፣ አስጎብኚው ጎምቦሬ ስለሚባለው የቁፋሮ ቦታ ነገረን። እዚያ ከ700,000 ዓመት በፊት ረግረግ ዳር የነበሩ ሰዎች የእግር አሻራ ተገኝቷል፤ አንዳንዱ የትልልቅ ሰዎች፣ አንዳንዱ ደግሞ ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ነው። በዚያው አካባቢ ጉማሬ ታርዶ በድንጋይ ተቦጭቋል። ትልልቆቹ ሥራቸውን ይሠሩ ነበር፤ ልጆቹ ከአጠገባቸው ጭቃ ይረግጡ ነበር ማለት ነው። ልጄ ይህን ሰምታ ለአፍታ ዝም አለችና፣

"ታዲያ እናትየዋ አልተቆጣቻትም?" አለች።

አስጎብኚው እንደ ትልቅ ጥያቄ ተቀበላት። "ምናልባት ተቆጥታት ይሆናል የኔ ቆንጆ፤ ቁጣው ግን አሻራ አይተውም" አላት። እኔ ከዚያ ወዲህ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ በተነሳ ቁጥር የራስ ቅልና የዘመን ሠንጠረዥ አይደለም የሚታየኝ። ጭቃ ውስጥ የቆመች ልጅ ናት።

ባልጪት የባልጩት ድንጋይ መገኛ ናት። ጥቁሩ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራው ድንጋይ መሬቱ ላይ ተበትኖ ይታያል፤ የጥንቶቹ ሰዎች መሣሪያቸውን ከዚሁ እያመጡ ይሠሩ ነበር። አንስቶ ወደ ኪስ መክተት የብዙ ጎብኚ ፈተና ነው። እባካችሁ እዚያው ተዉት። አንዱ ስባሪ ሰው የጠረበው ሊሆን ይችላል፤ ከቦታው ከተነሳ ደግሞ ስለዚያ ሰው የሚናገረው ነገር የለም።

አዳዲ ማርያም ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ ናት። ከአንድ አለት ወደ ታች ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በትውፊት የምትያያዘውም ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ነው። የላሊበላን ጥራት የጠበቀ ሰው ግድግዳው ሸካራ፣ ውስጡ ጠባብ ሆኖበት ሊያዝን ይችላል። እኔ ደስ የሚለኝ ያ ሸካራነቷ ነው። የመሮው ምት ይታያል። ጫማችሁን አውልቃችሁ በጨለማው መተላለፊያ ስትዞሩ ድንጋዩን የቆረጠውን ሰው ክንድ ታስባላችሁ። ከደጅ ብትቆሙ ጣሪያዋ ከሜዳው ጋር እኩል ነው፤ የማያውቅ ሰው በአጠገቧ ሳያያት ሊያልፍ ይችላል።

ጢያ ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሄዳችሁ እዚያ በችኮላ አትለፉ። ሶዶ ውስጥ ያለው ይህ የትክል ድንጋይ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። 36 ሐውልቶች አሉበት፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። በሶዶ አካባቢ እንዲህ ያሉ 160 ያህል ስፍራዎች ተለይተዋል፤ ጢያ ከሁሉ የታወቀው ነው። ድንጋዮቹ ላይ ጎልቶ የሚታየው ጎራዴ ነው፤ ጫፉ ወደ ላይም ወደ ታችም የዞረ፣ አንዱ ላይ ጥቂት፣ ሌላው ላይ ብዙ። ክብ ክብ ቅርጾች አሉ፣ እንሰት የሚመስል ባለ ቅጠል ምልክትም አለ። አስጎብኚዎቹ የጎራዴው ብዛት ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ቁጥር ያሳያል ይላሉ። ሊቃውንቱ ግን አብዛኛውን ምልክት እስካሁን መፍታት አልቻሉም።

የአካባቢው ሰው "የግራኝ ድንጋይ" ይለዋል። ስፍራው የሚገመተው ግን በ12ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ነው፤ ኢማም አህመድ ከመወለዳቸው አስቀድሞ ማለት ነው። ይህን ስሰማ የሕዝቡን አጠራር ለማረም አልቸኩልም። ዙሪያውን የሚያርሰው ሰው ለዘመናት ድንጋዮቹን ሳይነካ፣ ሞፈሩን እያዞረ አልፏቸዋል፤ የሚያውቀውን ትልቅ ጦርነት ስም ሰጥቶ አክብሯቸዋል። ጠባቂ ከመቀጠሩ፣ አጥር ከመታጠሩ በፊት ቅርሱን ያቆየው ያ አክብሮት ነው።

ከሥር የተቆፈሩት መቃብሮች የሰጡት ነገር ይበልጥ ልብ ይነካል። የተቀበሩት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ታጥፎ፣ ሕፃን በማሕፀን እንደሚተኛ ሆነው ነው የተቀበሩት። እነዚህን ድንጋዮች ከሩቅ ጎትቶ፣ ጠርቦ፣ ያቆመው ወገን ልጆቹን ይቀብር ነበር። እኔ የተማርኩት ታሪክ የነገሥታት ስም ዝርዝር ነበር። እዚህ አንድም የንጉሥ ስም የለም፤ ስም አልባ የሆነ ሐዘን ግን ከነቁመቱ ቆሟል። ልጄ ድንጋዮቹን ልትቆጥር ሮጠች፤ እኔ ወደኋላ ቀርቼ ወጣቶቹን አሰብኳቸው።

ወደ ሰሜን ስንወጣ የአዲስ አበባ ሰው ከማንኛውም አቅጣጫ በላይ የሚያውቀውን መንገድ እንይዛለን። ከቱሪዝም ወሬ በፊት የከተማችን እውነተኛ የአንድ ቀን ተጓዦች የጉዞ ማኅበራት ናቸው። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ "ደርሶ መልስ" የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ሌሊት አውቶቡስ ተሰልፎ ነጠላ የለበሰ ሁሉ ስንቁን ይዞ ይገባል፤ ሱሉልታ ሳይደርስ መዝሙር ይጀመራል። እናቴ ደብረ ሊባኖስን የምታውቃት በእነዚህ አውቶቡሶች ነው። እኔ በቤት መኪና ስወስዳት "መዝሙር የሌለበት ጉዞ አያደርስም" ብላ ራሷ ጀመረችው፤ ጫንጮንም ሙከጡሪንም በእሷ ድምፅ አለፍን።

ደብረ ሊባኖስን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ስሙ በፊት ደብረ አስቦ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ያሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ተቃጥሏል። አሁን የምናየው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። እነዚህን ነገሮች ለእናቴ መንገር አያስፈልገኝም፤ ገድሉን እሷ ትነግረኛለች። አንድ ነገር ግን አለ፤ በየዓመቱ ለንግሥ ከሚሄደው ሕዝብ ብዙው በሚገባው ልክ የማይነገረው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ በአዲስ አበባ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ አለ። ደብረ ሊባኖስ የተከተለው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ገዳሙ ከቦምብ ጣዮቹ ጋር አብሯል ተብሎ ተወነጀለ። የተመረጠው ጊዜ ግንቦት 12 የሚከበረው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አጽም ሰሞን ነበር፤ ከየአገሩ ምዕመናንና መነኮሳት የሚሰበሰቡበት። የጄኔራል ማሌቲ ወታደሮች ገዳሙን ከበቡ። መነኮሳቱንና ለበዓል የመጡትን በካሚዮን እየጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ስፍራ ወስደው ረሸኗቸው፤ ቀጥሎ ዲያቆናቱ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ ላይ ተገደሉ። ግራዚያኒ ለሮም ያመለከተው ቁጥር 449 ነበር። ኋላ በአካባቢው የተደረገው ጥናት ግን የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሰዋል።

ለእናቴ ይህን ስነግራት "በበዓሉ ቀን?" አለች፤ ደጋግማም ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲያ ግንቦት 12ን ስታስብ እነሱንም አብራ ታስባለች። ይህን ታሪክ ለጉዞ ማኅበራት አስተባባሪዎች ሁሉ ብነግር እወዳለሁ። በመዝሙርና በመዝሙር መካከል አምስት ደቂቃ ይበቃል። የካቲት 12 የከተማው ሐዘን ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ የዚያው ሐዘን ሌላው ግማሽ ከከተማዋ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ገደል ውስጥ ነው።

ከገዳሙ መታጠፊያ አጠገብ የድንጋይ ድልድይ አለ። "የፖርቱጋል ድልድይ" ይባላል፤ በኖራና በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ተቦክቶ ተሠራ ሲባልም ትሰማላችሁ። ይበልጥ የሚታመነው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰላሌን በገዙት በራስ ዳርጌ ትእዛዝ መሠራቱ ነው። ይህ ክብሩን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም የአገር ሰው እጅ ሥራ ነው። በክረምት ማብቂያ ወንዙ በድልድዩ ሥር አልፎ ከገደሉ ይወረወራል። ዙሪያው የጭላዳ መንጋ ነው። ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያላቸው እነዚህ ዝንጀሮዎች ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የላቸውም፤ ቀን ሜዳው ላይ ሣር ይግጣሉ፣ ሲመሽ ገደሉን ወርደው ያድራሉ። ሙዝና ብስኩት እየወረወረ ፎቶ የሚያነሳውን ሰው ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ሣር በል እንስሳ ናቸው፤ የሰው ምግብ ለመዱ ማለት መንገድ ዳር ቆመው መጠበቅ ለመዱ ማለት ነው፣ መንገድ ዳር ደግሞ አይሱዙ አለ።

የወንጪን የእሳተ ገሞራ ሐይቅም በአንድ ቀን አይቶ መመለስ ይቻላል፤ ግን ሌሊት መነሳት ይፈልጋል። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የእሳተ ገሞራው አፍ ላይ ቆሞ ሐይቁን ቁልቁል ማየት ብቻውን ጉዞውን ይክሳል፤ የአካባቢው ሰዎች ፈረስ ያከራያሉ፣ ደሴቲቱ ላይ ደግሞ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ።

ለሚነሳ ሰው የምለው ጥቂት ነው። በአንድ ቀን አንድ መንገድ ብቻ ያዙ፤ ምዕራብንና ደቡብን በአንድ ቀን ልጨርስ ያለ ሰው የሚያስታውሰው አስፋልቱን ነው። መስከረምና ጥቅምት ከሁሉ ይመረጣሉ፤ አደዩ አለ፣ ፏፏቴውም አልደረቀም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም በመስመሩ የሚሠሩ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ የሰሞኑን ሁኔታ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አስጎብኚ የአካባቢውን ልጅ ያዙ፣ ምሳችሁንም እዚያው ብሉ። ከከተማ ሁሉን ጭኖ ሄዶ የላስቲክ ቆሻሻ ብቻ ጥሎ የሚመለስ ሰው ለእነዚያ መንደሮች ምንም አልጠቀመም። የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን ይህን የምታነቡ ከሆነ ደግሞ ልጆቹን ለዓመቱ መጨረሻ ሽርሽር ወደ መዋኛ ከመውሰድ በፊት አንድ ጊዜ ጢያ ውሰዷቸው። ገና በጠዋቱ የሚነሳ አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ይመልሳቸዋል።

የቀረኝ ዝቋላ ነው። አየሩ ጥርት ባለ ቀን ከከተማችን ከፍታ ቦታዎች ወደ ደቡብ ምሥራቅ ብቻውን ቆሞ የሚታየው ተራራ ነው፤ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለው፣ ለአካባቢው ኦሮሞም የተከበረ ተራራ ነው። ንግሡ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ይከበራል፤ መንገዱም ያን ጊዜ በሰው ይሞላል። እኔ ሰው ባልበዛበት ቀን ደርሰን እንመለስ እላለሁ። እናቴ ደግሞ ለጥቅምት 5 በአውቶቡስ ሄደን፣ ዋዜማውን እዚያው አድረን፣ ካልሆነ አልሄድም ብላለች። የጉዞ ማኅበሩን ማስታወቂያ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች፤ ምዝገባው መስከረም አጋማሽ ላይ ይጀመራል።